ለኢፕሳስ (ለመንግሥት ዘርፍ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ) ሥልጠና ሰው ልትልኩ ላሰባችሁ፦ 18,000 ብሩ ይገባዋል ወይ?

ዘንድሮ ለሥልጠና የተያዘልን በጀት ከሦስት ሰው አያልፍም ነበር። ሁለት ወጣቶች መረጥኩ፤ ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ። «እትዬ፣ ለጡረታ አራት ዓመት ቀርቶዎት አክሩዋል ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ የቀለደብኝ አለ። እውነት አለው። ነገር ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ ሒሳብ ስንዞር ቢሮው ውስጥ ከነበሩት ዛሬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዴቢትና ክሬዲት ሳይገባው «ዝጋ» የተባለ ሰው የማይገጥም ሚዛን ይዞ ስንት ዓመት እንደሚንከራተት ያኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ከሞዲፋይድ ካሽ (በዋናነት ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ከሚመዘግበው) ወደ አክሩዋል (ገንዘቡ ባይንቀሳቀስም ገቢውና ዕዳው ሲፈጠር ወደሚመዘግበው) ልንዞር ነው እየተባለ ነው። እንግዲህ ይህኛውን ከሩቅ አልሰማውም ብዬ ሄድኩ።

ያሠለጠነንን ድርጅት ስም አልጽፍም። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ተመሳሳይ ደብዳቤና ተመሳሳይ ዝርዝር ይዘው በየመሥሪያ ቤቱ ይዞራሉ፤ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው የማንም ቢሆን የምነግራችሁ ነገር ይሠራል። ቦታው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል። ጊዜው ከኅዳር 8 እስከ 12 ቀን 2018፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ክፍያው ለአንድ ሰው 18,000 ብር፤ ምሳና የሻይ ዕረፍት ጨምሮ። አዳርና አበሉ በየመሥሪያ ቤታችን ነው፤ ከ6231 መደብ ላይ ሲነሳ ሥልጠናው በእጥፍ መወደዱን አስቡበት። 34 ሰው ነበርን።

ለቸኮለ ሰው፦ ረቡዕ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ማክሰኞ ጥሩ ነው። ሐሙስ ግማሽ በግማሽ። ሰኞ ኪሳራ። ዓርብ ለምስክር ወረቀት ነው።

ከሰኞ ልጀምር። የመጀመሪያው አሠልጣኝ ከስላይዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ እስከ ምሳ አነበበ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌዎቹ የሌላ አገር ማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ናቸው፤ ገንዘቡ ሽልንግ፣ የበጀት ዓመቱም በፈረንጅ ወር የሚዘጋ። ይህንን ልታገሠው እችል ነበር። ያልታገሥኩት ሌላ ነው። ስለ ቋሚ ንብረት ሲያስተምረን ከጫፍ እስከ ጫፍ ኢፕሳስ 17ን ነው ያስተማረን። 17 ቁጥር ግን በ45 ተተክቷል፤ 45 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ወዲህ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመቶች ይሠራል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2017 የጀመረው፣ አሁን ያለንበት የ2018 በጀት ዓመት ማለት ነው። ስለ ታክስ ገቢም 23ን አስተማረን፤ እሱንም 47 ተክቶታል፤ ለእኛ ቢሆን የሚመጣው ከ2019 በጀት ዓመት ጀምሮ ነው። እጄን አውጥቼ ስጠይቀው «ይዘቱ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። እንዴት ያው እንዳልሆነ ረቡዕ ላይ እነግራችኋለሁ። በአሮጌ መመሪያ ግዥ ፈጽሞ የኦዲት ግኝት የወጣበት ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሰኞ ከሰዓት አንድ ወጣት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «የእርጅና ተቀናሽን በየወሩ ብንመዘግብ ለ12 ነው ለ13 የምናካፍለው? ጳጉሜን ወር ናት ወይስ አይደለችም?» ክፍሉ ሳቀ፤ አሠልጣኙም ሳቀና አለፈው። ልጁ አፈረ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ እየከፈልኩ የነሐሴን ሪፖርት ከጳጉሜን ጋር አብሬ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥያቄው የቀልድ አይደለም።

ማክሰኞ አሠልጣኙ ተቀየረ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ዶክተር ነው፤ ፈጣን፣ ጨዋ፣ ቡና ሲጠጣም የሚያስተምር ዓይነት። የጀመረው ከማላስበው ቦታ ነበር፦ «ይህን ደረጃ የሚያወጣው ማነው? ማንስ ሥልጣን ሰጠው?» እኛ የለመድነው ከገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያ ይመጣል፣ እንፈጽማለን። ደረጃ የሚያወጣ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ ከእኛ መሐል ስንት እንዳለ እንጃ።

ሁለት መንገድ አሳየን። አንደኛው የዓለም አቀፉ መንገድ ነው። ኢፕሳስን የሚያወጣው ቦርድ በዓለም አቀፉ የአካውንታንቶች ፌዴሬሽን ሥር የተቋቋመ ነው፤ ረቂቅ ያወጣል፣ አስተያየት ይሰበስባል፣ ያጸድቃል። አገሮች ይወስዱታል ወይም ይተዉታል፤ የሚያስገድድ ክንድ የለውም። ሁለተኛው «የራሴን እሠራለሁ» የሚለው ነው። አሜሪካኖች ለፌዴራል መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1990 የራሳቸውን አማካሪ ቦርድ አቋቋሙ፤ አቋቋሚዎቹ ግምጃ ቤታቸው፣ የበጀት መሥሪያ ቤታቸውና የኮንግረሳቸው ኦዲት መሥሪያ ቤት ናቸው። ዶክተሩ እዚህ ላይ ቆም አለና «በጀት የሚመድበው፣ ገንዘብ የሚይዘውና ኦዲት የሚያደርገው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ደረጃ ሲያወጡ ምን ጥቅም፣ ምን አደጋ አለው?» አለን። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመጣች የውስጥ ኦዲተር «ኦዲተሩ ያወጣውን ደረጃ ራሱ ኦዲት ካደረገ ፍርዱን ማን ይፈርዳል?» አለች። ጎረቤቷ ደግሞ «ኦዲተሩ ከሌለበትማ ለመዝጋት የሚመች ደረጃ ነው የሚወጣው» ሲል መለሰላት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ዶክተሩም አልዳኘም።

ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ግን ሆዴ ቅቤ ጠጣ። አሜሪካኖች የመንግሥታቸውን የተጠቃለለ ሒሳብ ለኦዲት ማቅረብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ለ1997 የሒሳብ ዓመታቸው ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኦዲተራቸው በየዓመቱ «አስተያየት መስጠት አልቻልኩም» እያለ ነው። ዋናው ምክንያት የመከላከያ መሥሪያ ቤታቸው ሒሳብ ነው። ደረጃው አለ፣ ቦርዱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፤ ሒሳቡ ግን አልጠራም። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ «እንግዲያው እኛስ ምን ይፈረድብናል!» ብሎ አሳቀን። ዶክተሩ ግን ሳቁ ሳያልቅ ኒው ዚላንድን አመጣብን፤ ትንሽ አገር ናት፣ የመላ መንግሥቱን ሒሳብ በአክሩዋል ማውጣት የጀመረችው በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰበብ ያመጣ የለም።

ስለ እኛም አንድ ነገር አነሳ። በ2006 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ባንኩንና ኢንሹራንሱን ወደ አይኤፍአርኤስ (ወደ ንግድ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ)፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ደግሞ ወደ ኢፕሳስ መራቸው። ኢፕሳስ ማለት የመንግሥት ዘርፍ የሒሳብ ደረጃ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ፊት ለፊታችን ያለው የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት የመንግሥትን ደረጃ ይከተላል፤ መንግሥት የሆንነው እኛ በሞዲፋይድ ካሽ ላይ ነን። የእነሱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ልጄ የምትሆን ልጅ፣ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ «እትዬ፣ እናንተ መቼ ነው የምትመጡት?» ትለኛለች።

ረቡዕ መጣ። አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ሲዘጉ የኖሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፕሮጀክተሩን አስጠፉና «ውጡ» አሉን። ስድስት ቡድን አደረጉን፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሆቴሉ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ሰጡ። ለአንዱ የአዳራሹን ወንበሮች፣ ለአንዱ የሆቴሉን ሚኒባስ፣ ለአንዱ ለሠርግ የተከፈለ ቀብድ፣ ለአንዱ ጓሮ የተከመረውን ባዶ የቢራ ሣጥን፣ ለእኛ ጄኔሬተሩን፣ ለመጨረሻው ቡድን ሐይቁን። «ሆቴሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው እንበል። ሐምሌ 1 ቀን የመክፈቻ ሒሳብ ታወጣላችሁ። ይህ ነገር መዝገብ ላይ ይገባል? ከገባስ በስንት ብር?»

የሣጥኑ ቡድን እያሳቀ ያስተማረን ነበር። ሣጥኑ ጓሯችን ነው፣ ቆጠርነው፣ 212 ሆነ። ታዲያ የእኛ ነው? ሣጥኑም ጠርሙሱም የፋብሪካው ነው፤ የእኛ የሆነው ያስያዝነው ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃው ዕቃ ሆኖ አይመዘገብም፤ መያዣው ግን ተሰብሳቢ ነው። ጋሼ ይህን ይዘው ወደ እኛ ዞሩ፦ «ግምጃ ቤታችሁ ውስጥ የእናንተ ያልሆነ ስንት አለ? ሌላ ቦታስ የተቀመጠ የእናንተ ስንት አለ?» እኔ ወዲያው ያሰብኩት ለሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የሰጠነውን ፒክአፕ ነው፤ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ። ሊብሬው በስማችን፣ ቁልፉ በእነሱ፣ ነዳጁ ከእነሱ 6217 መደብ። ደረጃው የሚጠይቀው «በማን ስም ነው» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ማን ያዝበታል፣ ጥቅሙንስ ማን ያገኛል» ብሎ ነው። በስማችን ነው ብዬ 20 ዓመት የቆጠርኩት ሁሉ ሊቀር፣ በስማችን አይደለም ብዬ የተውኩት ሊገባ ነው።

የእኛ ጄኔሬተር ደግሞ ላብ አስወጣን። ሥራ አስኪያጁን ስንጠይቀው ያገለገለ ነው የተገዛው፤ ደረሰኙ የለም፤ ዋጋውን የሚያውቁት ሰው ውጭ አገር ናቸው። ጋሼ ፈገግ አሉ፤ ሆን ብለው እንደሰጡን ያኔ ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አክሩዋል ለሚገባ መሥሪያ ቤት የወጣው ደረጃ፣ 33 ቁጥር፣ መውጫ አለው፦ የጥንቱን ዋጋ ማግኘት ካልተቻለ በዛሬ ግምት የተገኘውን ዋጋ እንደ መግዣ ዋጋ አድርጎ መነሳት ይቻላል። ንብረቱን ቆጥሮ፣ ገምቶ ለመጨረስም እስከ ሦስት ዓመት ፋታ ይሰጣል። ፋታው ግን ዝም ብሎ አይደለም፤ ምን እንደቀረህ፣ የት እንደደረስክ በየዓመቱ በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ትጽፋለህ። «በእኛ ቤት ፋታ ማለት መርሳት ነው፤ እዚህ ፋታ ማለት በየዓመቱ ማፈር ነው» አሉን።

ይህን ሲሉ የእኛ ቢሮ ጄኔሬተር ዓይኔ ላይ መጣ። ከአንድ ፕሮጀክት በስጦታ የመጣ ነው። ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆርጦለታል፤ የዋጋው ረድፍ ላይ ሰረዝ ተሰምሯል። ሞዴል 19ኙ ላይ ያለው የተረካቢ ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። አሁን ባለንበት አሠራር ይህ ችግር አይደለም። ጄኔሬተር በበጀት ብንገዛ ኖሮ ከ6313 መደብ ወጪ ሆኖ በዚያው ዓመት ከሒሳቡ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የንብረት ክፍል ጉዳይ ነው። በስጦታ ሲመጣማ ሒሳቡን ጭራሽ አይነካውም። በአክሩዋል ግን ያ ሰረዝ ቁጥር ይፈልጋል።

ሐይቁን የያዙት አልተስማሙም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ እንግዲያው ሐይቁ የመንግሥት ሀብት ነው አሉ ግማሾቹ። ግማሾቹ ደግሞ የትኛው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ? የውሃው? የከተማው? የቱሪዝሙ? በስንት ብር? ጋሼ በመስኮቱ ሐይቁን እያዩ «የመንግሥት መሆኑና መዝገብ ላይ መግባቱ ሁለት ነገር ነው። ዋጋውን በአስተማማኝ መንገድ መለካት ካልቻልክ ሀብት ነው ብለህ ብታምንም ቁጥር አትጽፍም» አሉ። ከዚያ ወደ ቅርስ ሄዱ። ሰኞ «ያው ነው» የተባለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በድሮው 17 ቁጥር ቅርስን መመዝገብ አይገደድም ነበር፤ መዝግብ አትመዝግብ ለአንተ የተተወ ነው። በ45 ያ ነፃነት ተነሳ፤ በአስተማማኝ ከተለካ ይመዘገባል፣ ካልተለካ ለምን እንዳልተለካ ይብራራል። አሜሪካኖቹ በራሳቸው ደረጃ ሌላ መንገድ ይዘዋል፦ ሐውልቱን በቁጥር ይገልጹታል እንጂ የብር ዋጋ አይለጥፉበትም፤ ለቢሮ ሥራ የሚያገለግል ታሪካዊ ሕንፃ ሲሆን ብቻ ነው ዋጋው የሚገባው።

ከባህል ዘርፍ የመጣ አንድ ሰልጣኝ የአክሱምን ሐውልት አነሳ። በ1997 ከሮም ሲመለስ ለማጓጓዝና በኋላም ለመትከል ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። «የወጣው ገንዘብ ዋጋው ነው ብዬ ልመዝግብ?» አለ። አንዷ ቀበል አድርጋ «ታዲያ ያልተነቀለው ሐውልት ዜሮ ሊሆን ነው?» አለችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼም መልስ አልሰጡም፤ «ደረጃ የሚያወጣ አገር ይህን ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት፤ ከውጭ የሚመጣው መጽሐፍ አይወስንልንም» አሉና የጳጉሜንን ጥያቄ አስታወሱ። ለካ ሰኞ ከኋላ ተቀምጠው ሰምተዋል። ልጁን አስነሱት። ደረጃው ስለ ወር አያወራም፤ ንብረቱ በሚያገለግልበት ዘመን ላይ ሥርዓት ባለው መንገድ አከፋፍል ይላል እንጂ። ስለዚህ ነሐሴንና ጳጉሜንን አንድ አድርገን ለ12 እናካፍላለን ብለን ፖሊሲያችን ላይ ከጻፍንና በየዓመቱ ከጠበቅነው ይበቃል። ይጻፍ ብቻ። ልጁ ሰኞ ያጣትን ፊት ረቡዕ አገኛት።

የረቡዕ ምሳ ጾም ነው፤ በያይነቱ ነበር፤ ሽሮው ግሩም፣ እንጀራው ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ቡናው በየቀኑ ጀበና ነው። አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ነጠላ ሳይሆን ጋቢ ያዙ።

ሐሙስ የኮምፒውተር ልምምድ ነበር። ጠዋት የማክሰኞው ዶክተር ስለ ታክስ ገቢ አስረዳን፤ ከገቢዎች የመጡት ሁለት ሰዎች ካልተገኙበት ይህ ክፍል አይጣፍጥም። ዛሬ ገቢ የምንለው ገንዘቡ ሲገባ ነው። በአክሩዋል የሚጠየቀው ታክስ የሚያስከፍለው ነገር መቼ ተፈጸመ ተብሎ ነው። ቀረጥ የሚመጣው ዕቃው የጉምሩክ ክልሉን ሲያልፍ ነው፤ የገቢ ግብር የሚመጣው ገቢው ሲገኝ ነው። ከገቢዎች የመጣው «ሞጆ ደረቅ ወደብ የቆመው ኮንቴይነር፣ አስመጪው ቀረጡን ሳይከፍል ሰኔ 30 ቢያልፍስ?» አለ። መከፈል ያለበት ቀረጥ በሐምሌ ሳይሆን በሰኔው ሪፖርት ተሰብሳቢ ሆኖ ይታያል ማለት ነው፤ ከዚያም ስንቱ በእርግጥ እንደሚሰበሰብ መገመት ይመጣል። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋና ጭንቅላቱን ያዘ።

መገመት የሚለው ቃል እኛንም ነክቶናል። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ሳይወራረድ የቆየ ተሰብሳቢ የማይነሳበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እኛም ጋ አለ። በአንድ ሰው ስም ለሥራ ጉዳይ የተያዘ ቅድመ ክፍያ አለ፤ ሰውዬው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እኛ ግን በየወሩ በስማቸው ሙሉውን ብር ሪፖርት እናደርጋለን። በአክሩዋል ይህ አይሆንም፤ የማይሰበሰበውን በግልጽ ቀንሶ ማሳየት ግድ ነው። የሚቀንሰው ማነው፣ በማን ፊርማ? ይህን ስጠይቅ ዶክተሩ «እሱ የሕግ ጉዳይ ነው» አለኝ። ሪፖርት ላይ መቀነስና ዕዳ መሰረዝ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቶኛል፤ ሆኖም ፈሪ ሒሳብ ሹም ሁለቱን አይለያቸውም፤ ይህ አንድ ሰዓት ይገባው ነበር።

ከሰዓት መብራት ሄደ። (የሆቴሉ ጄኔሬተር፣ ያ ዋጋ ያወጣንለት፣ አልነሳ አለ። አንዱ «ዋጋውን ቀንሱ!» ሲል ክፍሉ ፈረሰ።) ሁለት ሰዓት ያህል ባከነ። ቢሆንም በፍላሽ የሰጡን የመክፈቻ ሒሳብ ማዘጋጃ ቅጽ ጥሩ ነው፤ አሁን ያለንን የሒሳብ መደብ ከአዲሱ ጋር ያያይዛል። በችሮታ ጊዜ ተከፋይ ላይ የለመድነው ልማድ የት እንደሚሄድ ያሳያል፦ ዛሬ የሰኔ ዕዳችንን እስከ ሐምሌ 30 ከፍለን ለሰኔ እናስቆጥራለን፤ በአዲሱ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ሰኔ ከደረሰ ዕዳው የሰኔ ነው፣ የምንከፍለው መስከረምም ቢሆን።

የቃላት ነገር አንድ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው። ሁለት ገጽ የአማርኛ መፍቻ ሰጥተውናል። ፌር ቫልዩን (ንብረቱ ዛሬ ገበያ ላይ ሊያወጣ የሚችለውን) «ትክክለኛ ዋጋ» ብለውታል፤ ሌላው ዋጋ ውሸት ነው ወይ? ንብረት ዋጋው ሲወድቅ የሚመዘገበውን ደግሞ «ጉዳት» ብለውታል፤ ንብረት ክፍል ኃላፊያችን ይህን ቢያነብ መኪናው ተጋጨ ብሎ ፖሊስ ይጠራል። በቃሉ ላይ ካልተስማማን በሒሳቡ ላይ አንስማማም።

ዓርብ ኅዳር 12 ነው፤ ሚካኤል። ማን ይቀመጣል? ከ34 ሰው 19 ቀረን። ሃያ የምርጫ ጥያቄ ተሰጠን፣ ሁሉም አለፈ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ምስክር ወረቀት ተቀበልን። ወደ አዲስ አበባ ስንገባ በየሰፈሩ ጭሱ ተነሥቷል፤ ኅዳር ሲታጠን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። አብራኝ የነበረችው ልጅ «እትዬ፣ የእኛንም ግምጃ ቤት ብናጥነው!» አለችኝ። የተሰበረ ወንበር፣ የማይነሳ ፎቶ ኮፒ፣ ጎማው የተበላ የሞተር ብስክሌት፤ የማስወገድ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ተገምቶ፣ ተፈርሞ ካልሆነ አንድ ወንበር አይቃጠልም። የመክፈቻ ሒሳብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ቆሻሻ ተራውን ጠብቆ ይቆጠራል።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ረቡዕ ባይኖር ሁለት። የምትልኩ ከሆነ ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ አትላኩ፤ ከንብረት ክፍል አንድ ሰው ጨምሩ፤ ከእኛ መሐል ጋሼ የጠየቁትን የመለሱት እነሱ ናቸው። የቋሚ ንብረት መዝገባችሁን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አስቀድማችሁ ደውሉና «45ን ነው 17ን የምታስተምሩት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከዘገየ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። አሠልጣኞቹን በስም ጠይቁ፤ ሽማግሌው ከሌሉበት በጀታችሁን ለሚቀጥለው ዙር አቆዩት።

ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ ንብረት ክፍል ወረድኩ። የጄኔሬተሩን ሞዴል 19 አስወጣሁ፤ ፊርማዬ አሁንም እዚያው ነው፣ ከሰረዙ ጎን። ለሰጠን ፕሮጀክት የዋጋ ማስረጃ እንዲልክልን ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ቢሮው ሌላ ሰው ተከራይቶታል ይላሉ። ደብዳቤውን ግን መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ አውጥቶታል።